ስንጎበኝ ነበሩ

የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የሚኮነው ተመኝቶ አይደለም። እኛ ዘንድ ከርዕሰ መምህር ጋር የተጣላ፣ ወገቡን ያመመው ወይም ጡረታው የቀረበ መምህር ነው ወደዚያ የሚገፋው። እኔን የገፋኝ ምላሴ ነው። ባዮሎጂ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ርዕሰ መምህራችንን «አሁን ያሉትን እርስዎ ራስዎ ያምኑበታል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። በሳምንቱ የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ ከዝውውር ደብዳቤ ጋር እጄ ገባ። የቀጡኝ መስሏቸው ነበር። በአርባ ምንጭ የካቲት ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ማግኘት ምን ያህል ሹመት እንደሆነ እሳቸው በምን ያውቃሉ፣ ቢሯቸው ቬንቲሌተር አለ።

ይህን የምጽፈው ጸጸት እንቅልፍ ነስቶኝ ነው ብል ደስ ባለኝ ነበር። እተኛለሁ። በደንብ እተኛለሁ። ጥርስ ከመነቀሉ በፊት የሚወጉት ማደንዘዣ አለ አይደል፣ የገዛ ጉንጭን ሲነክሱት የሌላ ሰው ሥጋ የሚመስለው? እንደዚያ ነኝ። የሆነው ግን ሆኗል። አንዲት ባልደረባዬ እንጀራዋንና ስሟን የሚያድንላት አንድ ዓረፍተ ነገር ከእኔ ትጠብቅ ነበር። እኔ ሌላ ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ። ከመጀመሪያው ልጀምር።

ለማያውቅ ሰው፣ በእኛ ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ ከመነበቡ በፊት ንብረት ነው። ንብረት ደግሞ በሰው ስም ይያዛል፤ ሲገባ ፈርሞ በተረከበው ሠራተኛ ስም። ቢጠፋ ተጠያቂው እሱ ነው፤ ለቀጣዩ ሰው ቆጥሮ ሳያስረክብም ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ብልህ የሚባለው ሠራተኛ ቆልፎ የሚይዝ ነው። «አንድም መጽሐፍ ጠፍቶበት አያውቅም» ተብሎ ሲመሰገን ከሰማችሁ፣ አንድም ልጅ አንብቦለት አያውቅም ማለት ነው። እኔ እከፍት ነበር። መጽሐፍ ይጠፋል፣ እጮሃለሁ፣ ከአንዱ ልጅ ቦርሳ ውስጥ ይወጣል። እንዲህ እየተጨቃጨቅን እንኖር ነበር።

ለሙያው የነበረኝ ፍቅር ይሁን ጩኸቴ፣ ሌሎቹ ሰሙ። በዞኑ ያለን የጥቂት ትምህርት ቤቶች የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች በወር አንድ ጊዜ እየተገናኘን «ልምድ ልውውጥ» የምንለው ነገር ነበረን። ልምዱ እምብዛም ነው፤ ሻይና ሳምቡሳው ግን ነበር። ሰብሳቢ ይመረጥ ሲባል ሁሉም ጫማውን አየ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፣ እኔን መረጡ። አጨበጨቡ። የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትኩላቸው፣ የመለያ ቁጥር አሰጣጥ አሠለጠንኳቸው፣ መደርደሪያ በግርድፍ ሳንቃ እንዴት እንደሚሠራ ከአናጺ ተምሬ አስተማርኳቸው። አልዋሽም፣ ደስ ይለኝ ነበር። ያኔ ደስታ ይሰማኝ ነበር።

ከመካከላችን በቤተ መጻሕፍት ሙያ ዲፕሎማ ያላት አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ከካምባ ወዲያ፣ ተራራው ላይ ካለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምትመጣው። የተማረችው እሷ፣ ሰብሳቢዋ እኔ። ልጅ እላታለሁ፣ ሠላሳን ግን አልፋለች። በመጀመሪያው መኪና ተሳፍራ፣ ጭቃ የበላው ቦት ጫማዋን በር ላይ አራግፋ፣ ከሁላችንም ቀድማ ትቀመጣለች። አማርኛዋ የጋሞኛ ዜማ አለው፤ ደስ ይላል። ለእኔ በፌስታል ቡላ ታመጣለች። «ቲቸር፣ ገንፎ አድርገው ይብሉት፣ ከስተዋል» ትለኛለች። ያልከሳሁትን። ወድጃት ነበር፣ ይሄ ይታወቅልኝ።

ወደ እሷ ተራ ሲደርስ የምታነሳው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ አልደረሳቸውም። በየትምህርቱ አንድ አንድ ቅጂ አለ፣ እሱም የመምህሩ ነው። ምን ታደርጋለች መሰላችሁ? መጽሐፉን ከመምህሩ ቅዳሜና እሁድ ትዋስና ምዕራፍ በምዕራፍ ማኒላ ወረቀት ላይ በእጇ ትገለብጠዋለች። ማኒላውን ቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ትሰቅላለች። ልጆቹ ቆመው ከግድግዳው ላይ ይገለብጣሉ። ሥዕላዊ መግለጫውን ሳይቀር ትሥለዋለች። ይህን ስትነግረን እንደ ጀብዱ አልነበረም፤ ስታማርር ነው። ማርከሩ ቶሎ ያልቅባታል።

ጥር ላይ ኢንስፔክሽን ሊመጣ ነው ተባለ። ደረጃው ዝቅ ያለበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩ ይነሳል ተብሎ ተወራ። ያየ የለም፣ ያልሰማም የለም። ርዕሰ መምህራኑ ድንጋጤያቸውን ወደ እኛ አወረዱ፤ ቤተ መጻሕፍት በዓይን የሚታይ ነገር ነው፣ መደርደሪያው ባዶ ከሆነ ባዶ ነው። ስብሰባችን ለቅሶ ቤት መሰለ። እኔም ለቀልድ ያህል፣ እናቴ ትሙት ለቀልድ ያህል፣ «ቡድኑ በቀን አንድ ትምህርት ቤት ነው የሚያየው። መጻሕፍቱ ከቡድኑ አንድ ቀን እየቀደሙ ቢጓዙስ?» አልኩ። ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙ። ከጫኖ ትምህርት ቤት የሚመጣው ሰውዬ «ኧረ እውነቷን ነው!» ብሎ ብድግ አለ።

እንዲህ ሆኖ ተወሰነ። የእኔ መጻሕፍት እኔ ጋ ከታዩ በኋላ ጫኖ ይሄዳሉ፣ ከጫኖ እየተጨመረባቸው ወደ ላይ ይወጣሉ፣ መጨረሻ ካምባ አካባቢ ይደርሳሉ። የትምህርት ቤቱ ማህተም ያለበት ገጽ ላይ ነጭ ወረቀት ይለጠፋል። ሁሉም እየተቀባበለ ይስቃል። እሷ ብቻ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የእኔን ባዶውን ይዩት።»

«ምን አልሽ?»

«ባዶ ነው እኮ። ባዶ መሆኑን ካላዩ መጽሐፍ ማን ይልክልናል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔ ሰብሳቢ ነኛ፣ ዝም ማለት አይሆንልኝም። «አንቺ ልጅ፣ ለእንግዳ ባዶ ሞሰብ የሚያቀርብ የት አገር አይተሻል? አታሰድቢን» አልኳት። ሁሉም ሳቀባት። እሷም አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ትንሽ ቆይታ «እሺ፣ ወረቀት እንጻጻፍ? ማን ለማን እንደሰጠ?» አለች። ልክ ነበረች፤ ዲፕሎማዋ ያስተማራት እሱን ነው። እኔ ደግሞ «ወረቀት ከጻፍንማ በራሳችን ላይ ማስረጃ አዘጋጀን ማለት ነው። በእኔ ጣይው» አልኳት። «ማኒላዎቹንም አውርጂያቸው፣ ያሳብቁብሻል።»

«እሺ ቲቸር» አለች።

ካርቶን የለመንኩት ሲቀላ ሰፈር የጅምላ ሱቅ ያላቸውን ሀጂ ነው። የብስኩትና የሳሙና ካርቶን ሰጡኝ። «መጽሐፍ ንግድ ገባሽ እንዴ እህቴ?» አሉኝ። «ኧረ ላውስ ነው ሀጂ» አልኳቸው። «ጥሩ ነው፣ ውሰት ግን ምስክር ይፈልጋል» አሉና ወደ ደንበኛቸው ዞሩ። ካርቶኖቹን በባጃጅ ጭኜ በኩልፎ ድልድይ ሳልፍ የሙዝ ጋሪዎች መንገድ ዘግተውብኝ እየተሳደብኩ እንደነበር አስታውሳለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር የምሳደበው። አንድ ትልቅ ነገር የምመራ መስሎኝ ነበር።

ቡድኑ «የሙያው ሰው ናት» ብሎ እኔንም በመኪናው ይዞኝ ዞረ። መሪው ቀጭን ሰውዬ ነው፣ ሸሚዙ ኪስ ላይ ሁለት እስክሪብቶ የሰካ። በየትምህርት ቤቱ የገዛ መጻሕፍቴ ቀድመውኝ ይጠብቁኛል። ሳቄን የምይዘው ምላሴን ነክሼ ነው። በመጨረሻው ቀን የካምባውን ተራራ በጭቃ እየተንሸራተትን ወጣን።

መደርደሪያዋ ሞልቷል። ግድግዳው ባዶ ነው፤ ማኒላው የነበረበት ቦታ ላይ ቀለሙ ደመቅ ብሎ ይታያል። መሪው አንድ መጽሐፍ መዘዘና የተለጠፈውን ወረቀት በጥፍሩ ነካ አደረገ። «ይሄ ምንድን ነው?» አላት። እሷ አፏን ከመክፈቷ በፊት እኔ ፈጠን ብዬ «መለያ ቁጥሩን እየቀየርን ስለሆነ ነው» አልኩ። «ጎበዞች» አለና ጻፈ። በሩ ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ተሰብስበው ነበር። አንዷ ገባ ብላ ወደ ፊዚክሱ መጽሐፍ እጇን ዘረጋች። ባልደረባዬ በጋሞኛ፣ ቀስ ብላ፣ «አትንኪ፣ የሰው ነው» አለቻት። ልጅቷ እጇን ሰበሰበች። እኔ ጋሞኛ እሰማለሁ። መሪው አይሰማም። በማግስቱ ካርቶኖቹ ተመልሰው ወረዱ።

የዚያን ቀን ነው መሰለኝ መደንዘዙ የጀመረኝ። መናደድ ወይ ማፈር ነበረብኝ። መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ ጉልበቴን አያለሁ። ሹፌሩ ስለ ኳስ ያወራል፣ እኔም ስለ ኳስ እመልስለታለሁ።

ሪፖርቱ ሲወጣ ሁላችንም ተመሰገንን። ለእኔ «ለላቀ ሙያዊ አገልግሎትና አመራር» የሚል የምስክር ወረቀትና አንድ የዱንጉዛ ልብስ ሰጡኝ፤ በግሩፑ ላይ የጭብጨባ ምልክት ዘነበልኝ። ሚያዝያ ላይ መጽሐፍ የሚከፋፈልበት ዝርዝር ወጣ። ለካ ያ ሁሉ ጉብኝት የሌለውን ለይቶ ቅድሚያ ለመስጠት ኖሯል! ማንም አልነገረን፣ ማናችንም አልጠየቅንም። ኧረ አንዷ ተናግራ ነበር።

ደወለችልኝ። «ቲቸር፣ ዝርዝሩ ላይ የለንም።»

«ተሳስተው ይሆናል።»

«አልተሳሳቱም። ‹በቂ መጽሐፍ አላቸው› ይላል። እርስዎ ቢነግሯቸው ያስተካክሉታል። ከፈተናው በፊት ይደርስልናል።»

«እስቲ ልጠይቅ» አልኳት። አልጠየቅኩም። ብጠይቅ ሁሉም ነገር ይወጣል፤ የጫኖውም፣ የእኔም፣ የርዕሰ መምህራኑም። ነገ እላለሁ፣ ነገ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገ አለው። ሦስት ጊዜ ደውላ ሦስቱንም ጊዜ «እየተከታተልኩት ነው» አልኳት። ከዚያ መደወሏን ተወች። እፎይ አልኩ፣ ምን ልዋሽ።

ሰኔ የንብረት ቆጠራ ነው። ቆጣሪዎቹ ሪፖርቱን ይዘው ተራራውን ወጡ። በሪፖርቱ ላይ ሙሉ መደርደሪያ አለ፣ በክፍሉ ውስጥ ባዶ። ክፍሉን ለመረከብ የተፈረመበት ስም ደግሞ የእሷ ነው። መጽሐፍ አጉድለሻል ተባለች። ያን ያህል መጽሐፍ ሸጣለች የሚልም ተገኘ፤ ለሰው ሞት አነሰው። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመና ያ ቀጭን ሰውዬ ሰብሳቢ ሆነ። «የሙያ ሰው ያስፈልጋል» ተባለ። ማን ይሁን? እኔ።

እምቢ ማለት እችል ነበር። የሄድኩት ልናገርላት ነው። መንገዱን ሙሉ የምለውን ስደጋግም ነበር፤ «መጻሕፍቱ የእኔ ናቸው፣ እኔ ነኝ የላክሁላት፣ ቤተ መጻሕፍቴ መጥታችሁ ወረቀት የተለጠፈበትን እዩ።» ቀላል ነው። ልጅ እንኳ ይለዋል።

በትምህርት ቤቷ ርዕሰ መምህር ቢሮ ተቀመጥን። እሷን አስገቧት። ነጠላዋን አስተካክላ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መሪው ሪፖርቱን አነበበላትና «የት ገቡ?» አላት።

«የትም አልገቡም። መጀመሪያም አልነበሩም።»

«በዚህ እጄ ነክቻቸዋለሁ እኮ!»

«የውሰት ነበሩ።»

«የማን ውሰት? ወረቀቱ የታለ?»

ወደ እኔ ዞረች። በቁጣ አይደለም ያየችኝ። በር ከፍቶ ቀድመው ይግቡ እንደሚል ሰው ነው። «ቲቸር ያውቃሉ» አለች፤ «እሳቸውን ጠይቁ።»

ሰውዬው እስክሪብቶውን እንደያዘ ዞረ። የገዛ ሪፖርቱ ነው፤ ሐሰት ቢሆን እሱም አብሮ ይወድቃል። «እርስዎ አብረውኝ ነበሩ። መጻሕፍቱ ነበሩ፣ አልነበሩም?»

«ስንጎበኝ ነበሩ» አልኩ።

እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ጻፈው። እሷ ገና እያየችኝ ነው፤ ቀሪውን ትጠብቃለች። ቀሪው አፌ ውስጥ ነበር። አልወጣም። ፈርቼ ነው ብል ቢያንስ ሰበብ ይሆነኝ ነበር፤ ፍርሃትም አልመጣልኝም። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው። እውነት ነው፣ ዝምታው አልነቀዘም፤ የነቀዝኩት እኔ ነኝ። በመስኮቱ ፍየል ስትጮህ ይሰማ ነበር። መሪው ቃለ ጉባኤውን ጨርሶ ወደ እኔ ገፋውና ፈረምኩ።

ከቤተ መጻሕፍቱ አነሷት። አዝነውላት ነው ተብሎ ከሥራ አልተባረረችም፤ ደብዳቤ አመላላሽ አደረጓት። ዲፕሎማዋን ይዛ ከቢሮ ቢሮ ወረቀት ታዞራለች። የግሩፑ ደንብ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ብቻ ይላል፣ ደንቡን የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ስለዚህ ከግሩፑ አስወጣኋት። አንድ ጊዜ በጣት መንካት ነው። ክረምት ላይ የትምህርት ቤቷ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ለፈተና ብርድ ልብሳቸውን ተሸክመው ወደ ዩኒቨርሲቲው ሲገቡ በመንገድ አየኋቸው። ውጤታቸውን አልጠየቅኩም።

ጥቅምት ላይ፣ ከምሳ በኋላ፣ ቤተ መጻሕፍቴ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ጫማዋን አራገፈች። «ቲቸር፣ እንደምን ዋሉ?» አለችና ከትምህርት ቤቷ የተላከ ደብዳቤ ሰጠችኝ። ቆሜ አነበብኩት። ቤተ መጻሕፍታቸው ከሐምሌ ጀምሮ ተዘግቷል። ቁልፉን የሚረከብ ሰው ጠፍቷል፤ ያንን ክፍል ፈርሞ የተረከበ በሪፖርቱ ላይ ባሉት መጻሕፍት ይጠየቃልና። ማን እብድ ነው የሚፈርም? ስለዚህ አሮጌዎቹም መጻሕፍት፣ ወንበሩም፣ ጠረጴዛውም ተቆልፎባቸው ተቀምጠዋል። ጉዳዩን የሚፈታ ባለሙያ ይላክልን ይላል። ባለሙያዋ እኔ ነኝ።

«ይቅር በይኝ» አልኳት። ድምፄ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ይመስል ነበር።

«እሱን እግዜር ያውቃል ቲቸር» አለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ምንኛ በወደድኩ። «እኔን ተዉኝ፣ እኔ ለምጄዋለሁ። ብቻ አንድ ቀን ይምጡና መጻሕፍቱ ያልነበሩ መሆናቸውን ይናገሩ። ያኔ ሌላ ሰው ቁልፉን ፈርሞ ይወስዳል። ዘንድሮ የሚፈተኑት ልጆች መቀመጫ እንኳ የላቸውም፣ ውጭ ሣር ላይ ነው የሚያጠኑት።»

«እመጣለሁ።»

«በገበያ ቀን ይምጡ፣ መኪና አይጠፋም» አለችና መዝገቧን ዘረጋችልኝ፤ ደብዳቤው እንደደረሰኝ ፈረምኩላት። መኪና እንዳያመልጣት እየሮጠች ሄደች።

አሁን ሚያዝያ ነው። በየገበያው ቀን ወደ ካምባ መኪና አለ። አልሄድኩም።